ሁለት ጊዜ ብቻ የተጻፈ ስም

የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ በምሳ ሰዓት ሞቶ ተገኘ። መሰላሉ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። መነጽሩ ግንባሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ከጆሮው ጀርባ የፈሰሰው ደም ሲሚንቶው ላይ ረግቷል። ኃላፊው መርማሪዋን በር ላይ ሲቀበላት ምክንያቱን አዘጋጅቶ ነበር የጠበቃት።

«ከመሰላል ወድቀው ነው። ስንት ጊዜ ነገርኳቸው። ጡረታዎን ይዘው ቤትዎ ይቀመጡ አልኳቸው። ምክር የማይሰማ ሰው ምን ይደረጋል?»

መርማሪዋ አጭር፣ ወፍራም፣ ጫማዋ የተንጋደደ ሴት ናት። ያያት ሁሉ ለጽዳት የመጣች ይመስለዋል፤ እሷም አታርምም፤ ሰው ከጽዳት ሠራተኛ ፊት ብዙ ያወራል። ተንበርክካ የሟቹን ጉልበት በሱሪው ላይ ዳሰሰች። በፋሻ ተጠምጥሟል።

«መጻሕፍቱን ከላይ የሚያወርድላቸው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ጸሐፊዋ፣ ዓይኗ ደም መስሎ። «ጋሼ መሰላል ከነኩ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ጉልበታቸው እንቢ ካለ ወዲህ በርጩማ ላይ እንኳ አይወጡም።»

«እንግዲህ መሰላሉ ነው ወደሳቸው የመጣው» አለች መርማሪዋ።

ጠረጴዛው ላይ ከባዱ የማኅተም ብረት ተቀምጧል። ሌላው ዕቃ ሁሉ አቧራ ሲለብስ እሱ ብቻ ተወልውሏል። አጠገቡ አንድ የቆየ የሞት መዝገብ ተከፍቷል፤ ከመካከሉ አንድ ድርብ ቅጠል፣ ለሁለት ታጥፎ የተሰፋ ወረቀት፣ ጎድሎታል። አልተቀደደም። የተሰፋበት ክር ተተርትሮ ቅጠሉ ቀስ ተብሎ ተስቦ ወጥቷል። የተረፈው የክር ጫፍ ደግሞ ሌላው ቅጠል እንዳይረግፍ በትንሽዬ ቋጠሮ ታስሯል። መርማሪዋ ቋጠሮውን በጥፍሯ ነካ አድርጋ ብዙ ቆየች።

ከመዝገቡ ጎን፣ ለማንም በሚታይ ቦታ፣ የሽማግሌው ካርድ አለ። ሽማግሌው ብርቅ ስም ይሰበስብ ነበር። ለአንድ ስም አንድ ካርድ ነው፤ ስሙ ከየት መጣ፣ ምን ማለት ነው፣ ስንት ሰው ይጠራበታል። ያልተረጋገጠውን በእርሳስ፣ የተረጋገጠውን በቀለም ይጽፋል። ይኼኛው ከላይ እስከ ታች በቀለም ተጽፏል። በራሱ ላይ በትልቁ «ሳያየው» ይላል። መርማሪዋ ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ለማንም ሳታሳይ ኪሷ ከተተችው።

ጥበቃው በምሳ ሰዓት የገባና የወጣውን ቆጠረላት። ጸሐፊዋ ምሳዋን በራሷ ክፍል ውስጥ በላች። ኃላፊው ስልኩን ረስቶ ተመለሰ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ አሮጊት ገብታ ወጣች። በመጨረሻ ልጇ መጣ፣ ብረት በያጁ። ሌላ ዝንብ እንኳ አልገባም አለ።

ኃላፊው ወንበሩ ላይ እየተገላበጠ ቃሉን ሰጠ።

«ከተዘጋው ቅርንጫፍ ሁለት ጭነት አሮጌ መዝገብ አራገፉብኝ። እኔ ክፍሉን ለኮምፒውተር እፈልገዋለሁ። እሳቸው አንዷ ወረቀት ብትወጣ እኔም አብሬ እወጣለሁ አሉ። ተጣልተናል፤ አልክድም።»

«ካርዳቸውን አይተውታል?»

«ኧረ የሳቸውን ካርድ ማን ያነባል?»

ጸሐፊዋ ግን የምትለው ነበራት። «ትናንት ከቅርንጫፉ ከመጡት አሮጌ መዝገቦች አንዱን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። "አጥፍቻለሁ" አሉ። በያጁን ነገ ከሰዓት ጥሪልኝ፣ ከሱ በፊት ግን የማናግረው ሰው አለ አሉኝ። ማንን እንደሆነ አልነገሩኝም።»

በያጁ አርባ የሞላው ሰው ነው፤ እጁን እሳት ጎራርፎታል። እናቱን ደግፎ አስገባና ወንበር ሳበላት። «እማዬ፣ አንቺ እዚህ አረፍ በይ፤ እኔ ልቅደም።»

«ስምህ?» አለች መርማሪዋ።

«ሳያየው። መሳቅ ካማረዎት ይሳቁ፤ ለምጄዋለሁ።»

«ማን አወጣልህ?»

«ያደግሁት ማሳደጊያ ነው። ከስሜ በቀር ይዤ የመጣሁት ነገር የለም። ልጆቹ "ማን ሳያየው ነው የተጣለው?" እያሉ ይተርቡኝ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ጋሼን መጥቼ ጠየቅኋቸው። አባቱ ሳያየው የተወለደ ማለት ነው አሉኝ። ወንድ አያወጣውም፤ ሊያወጣ የሚችለው ወንድ ሞቷል። ባሏን ቀብራ የምትወልድ ሴት ናት የምታወጣው። ሴቶቹም ይሸሹታል፤ በስድሳ ዓመት መዝገብ ያገኘሁት አንድ ነው አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው እማዬ በር ወሰዱኝ።»

«ዛሬስ?»

«ከሰዓት ና ተባልኩ፤ ሥራ ስላልነበረኝ ቀደም አልኩ። አንኳኳሁ፤ መልስ የለም፤ ተመለስኩ።» የተጻፈለትን ቃል ተቀብሎ አነበበ። «ቀኑን ተሳስተዋል፤ ዛሬ ረቡዕ ነው» አለና አርሞ ፈረመ።

ልብስ ሰፊዋ ወገቧን እንደ ዘንግ አቅንታ ተቀምጣለች። ኮሌታዋ ላይ መርፌዎች ተደርድረዋል።

«እማማ፣ ሽማግሌውን ለምን ፈለጓቸው?»

«ለልጄ የልደት ወረቀት እንዲያወጣለት። በሩ ዝግ ነው። ምሳውን በልቶ ተኝቷል አልኩ፤ ሄድኩ።»

«ስሙን ያወጡት እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ያውጣለት? ጎረቤቶቼ ሟርት ነው፣ ደግ ስም ፈልጊለት አሉኝ። እናንተ ባሎቻችሁ አጠገባችሁ ያንኮራፋሉ፣ ስለ ስም ምን ታውቃላችሁ አልኳቸው።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። አንድ ወረቀት አቀበለቻት። «ቃልዎ ይኸው። አንብበው ይፈርሙልኝ።»

አሮጊቷ ወረቀቱን አቀረበች፣ አራቀች፣ ዓይኗን ከመስመር መስመር አሻገረች። «ልክ ነው። እንደተናገርኩት ነው» አለችና በሚያምር ፊርማ ፈረመች።

አሥር ሰዓት ሲሆን መርማሪዋ አራቱንም መዝገብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጥበቃው በሩ ላይ ቆመ።

«ሽማግሌው ከመሰላል አልወደቁም» ብላ ጀመረች። «የተመቱት በዚህ ብረት ነው። መሰላሉን ያስጠጋው ሰው እሳቸው መውጣት እንደተው አያውቅም። ጸሐፊዋ ታውቃለች። ከወንበር እንደወደቁ ልታስመስል ትችል ነበር እንጂ መሰላል አትጎትትም። ስለዚህ እሷ ወጣች።»

«እኔስ?» አለ ኃላፊው።

«እርስዎ ቢሆኑ ክፍሉን ሙሉ ያቃጥሉት ነበር። ለአንድ ቅጠል አይለፉም።»

ጸሐፊዋ ሳቋ አመለጣትና አፏን በእጇ ያዘች።

«ሰውዬው የሞቱት ለአንድ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ላይ ያለው ነገር ግን በዚህ ካርድ ላይም ተገልብጧል፤ ካርዱም እዚያው አፍጥጦ ተቀምጧል። ቅጠሉን ከነክሩ ተርትሮ ለማውጣት ጊዜ የነበረው ሰው ካርዱን ለምን ተወው? ማንበብ የሚችል ሰው ይህን ካርድ ትቶ አይሄድም። በያጁ ያነባል፤ የሳትኩትን ቀን እንኳ አርሞልኛል።»

በያጁ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባው። «እማዬም ታነባለች። ጋዜጣ ከእጇ አይለይም።»

«የፈረሙበት ወረቀት የጥበቃው ቃል ነው» አለች መርማሪዋ፣ ወደ አሮጊቷ ዞራ። «እንደተናገርኩት ነው ብለው ፈረሙበት።»

«መነጽሯን ረስታ ይሆናላ።»

«ይሆናል። ክሩስ? ሌላ ሰው ቢሆን ገጹን ይቀድና ይሮጣል። ይህ እጅ ግን ሰው ገድሎም ቢሆን ክር ተንጠልጥሎ ማየት አልሆነለትም። ቋጠረው። ያንን ቋጠሮ ቅድም በያጁ ካኔተራ ጠርዝ ላይም አይቼዋለሁ፤ ማን እንደሰፋለት አልጠየቅሁም።»

በያጁ ወደ መርማሪዋ ዞረ። «ቅጠሉ ላይ ምን ነበር?»

መርማሪዋ ካርዱን አወጣች። ደስ ብሏት አልነበረም ያነበበችው።

«"በመዝገብ የተገኘ፣ ሁለት። የመጀመሪያው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነው፤ በሦስተኛ ወሩ ሞተ፤ የተዘጋው ቅርንጫፍ የሞት መዝገብ አራት። ሁለተኛው በዚያው ዓመት በዚያው ቅርንጫፍ ተመዘገበ፤ ለማሳደጊያ ተሰጠ። በሕይወት ያለ፣ አንድ። እናቱ አለች።" ከሥሩ የስልክ ቁጥር ተጽፏል።»



«ባላነብም እሰማለሁ» አለች አሮጊቷ። ድምጿ አልተሰበረም። «ጣቱን ቅጠሉ ላይ ጭኖ አነበበልኝ። ለልጁ አንቺው ራስሽ ንገሪው፣ እስከ ከሰዓት ድረስ ጊዜ አለሽ አለኝ። መልካም ማድረጉ ነው። ሞቱን ያስመዘገበው የባሌ ወንድም ነው፤ እኔ እዚያ መጻፉንም አላውቅም ነበር።»

«የዛሬ ሁለት ዓመት ለምን ልጄ ነው አሉ?»

«ልጄን በገዛ እጄ በሰፋሁት ጨርቅ ጠቅልዬ ቀበርኩት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስሙን ከአፌ አላወጣሁም። አንድ ቀን በሬ ተንኳኳ። ሽማግሌው ልጅሽን አመጣሁልሽ አለኝ። ይኼ ደግሞ ቆሞ ስሙን ነገረኝ። አይደለም የሚል አፍ ከየት ላምጣ?»

«ቅጠሉስ?»

አሮጊቷ የቀሚሷን ጠርዝ ገልብጣ በሁለት ጣት ጫን አለችው፤ ተንኮሻኮሸ። «ላቃጥለው ነበር። ክብሪቱን ሁሉ ጭሬያለሁ። ስሙ አለበት፤ እንዴት አድርጌ ላቃጥል? ልጄ በዚህ ዓለም ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው።»

ወደ በያጁ ያኔ ብቻ ዞረች። «አንተን አልዋሸሁህም። ምሳህን ስሠራ፣ ልብስህን ስሰፋ፣ የትኛው ውሸት ነበር?»

በያጁ ካርዱን ከመርማሪዋ እጅ ተቀብሎ ቁጥሩን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንድ በአንድ አነበበው፤ እንደገናም አነበበው። ከዚያ ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባው።

ፖሊሶቹ ሲገቡ አሮጊቷ ራሷ ተነሣች፤ ማንም ክንዴን አይንካኝ አለች። ሹራቧ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። በያጁ አነሣው። ሌላ ጊዜ ትከሻዋ ላይ ጣል የሚያደርግላት እሱ ነው። አሁን ክንዱን ዘርግቶ ከሩቅ አቀበላት።

«ሹራብዎን ይልበሱ» አላት። «ውጭ ይነፍሳል።»

ሁለት ዓመት ሙሉ «አንቺ» ነበር የሚላት። አሮጊቷ ሹራቡን ይዛ ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው እጅጌ ስትሰፋ የኖረች ሴት፣ እጇን የምታስገባበት ጠፋት።