አንድ ትርፍ ካስማ

«ያ የሚንቋቋ ነገር ምንድን ነው? እባካችሁ አንዳችሁ ዝም አሰኙልኝ!» አለ አባት መሪውን እንደጨበጠ።

ፌንጣ ተነሳች። የተወለደችበት ስም ሌላ ነው፤ ግን በአሥራ አራት ዓመቷ እግሯ ከሌላው አካሏ ቀድሞ ስላደገ ወንድሟ ያወጣላት ቅጽል በቤተሰቡ አፍ ላይ ቀርቷል። በምትወዛወዘው መኪና ውስጥ የእቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዛ፣ ምድጃውን ተደግፋ፣ አልጋው ሥር ተንበረከከች። የሚንቋቋው የካስማ ከረጢቱ ነበር።

መኪናዋን «ቀፎ» ይሏታል። መካኒኩ አባታቸው አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ፣ ወንበሮቹን ነቅሎ፣ አልጋና ምድጃ ገጥሞ፣ አራት ሰው የሚያድርባት ቤት አድርጓታል። ያድርባታል ማለት ግን ይተኛባታል ማለት አይደለም፤ አባት ያንኮራፋል። በየቆሙበት ከጎኗ ሸራ ይዘረጋል፤ የሸራው ገመዶች መሬት ላይ በብረት ካስማዎች ይወጠራሉ። በጉዞው መጀመሪያ ላይ አባትን አንዱ ካስማ አደናቅፎት አውራ ጣቱ ስላበጠ፣ እናት አሮጌ ቀይ አንሶላ ቀዳ በየካስማው አናት ላይ ቋጥራለች። «አሁንም ካልታየህ መነጽር ነው የማስርልህ» ብላው ነበር።

ፌንጣ ካስማዎቹን በፎጣ ልትጠቀልል ከረጢቱን ስትፈታ እጇ አንዱ ላይ ቆመ። ጨርቁ ቀይ ነው። የእናቷ ቋጠሮ ግን አይደለም፤ በቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞ ነው የታሰረው። ብረቱም ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ጫፉ ላይ ነጭ ጭቃ ደርቆበታል።

ክው አለች።

ያደሩበት ሜዳ ከሥሩ የሚፈላ ነው። ከየስንጥቁ እንፋሎት ይወጣል፤ ራቅ ብሎ ጭቃው እንደተጣደ ድስት ይንተከተካል። ትናንት አመሻሽ ላይ አስጎብኚዋ ረጅም የብረት ዘንጓን ይዛ እያዞረች ስታሳያቸው፣ በየመሃሉ ቆም ብላ ተናግራ ነበር። «እዚህ መሬቱ ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ የፈላ ውሃ አለ። ንጋት ላይ፣ ሁሉም ነገር ጸጥ ሲል፣ በዘንግ እየመታን እናዳምጣለን። ባዶ ድምፅ የሰጠው ቦታ ላይ ቀይ ጨርቅ ያለው ካስማ እንቸክላለን። ከካስማው ወዲህ የእናንተ ነው። ከካስማው ወዲያ የእኔም አይደለም።» አባት የራሳቸውን ካስማ እያየ፣ «እንግዲህ ዘመዳሞች ነን» ብሎ ቀልዶ ነበር። ከአስጎብኚዋ ካስማዎች አንዱ ከሸራቸው ጥግ ትንሽ እልፍ ብሎ ቆሞ ነበር።

ካስማ መንቀል የፌንጣ ሥራ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ወንድሟ ብርድ ልብሷን በላይዋ ላይ እየመለሰ፣ «ተኚ አቦ፣ እኔ እነቅለዋለሁ። አንቺን ከጠበቅን የምንሄድበት ወንዝ ይደርቃል» ብሏት ነበር። ውጭው በእንፋሎትና በጉም ተሸፍኖ ነበር። ወንድሟ ቀይ ያየውን ሁሉ እየነቀለ ከረጢቱ ውስጥ ከትቷል።

ካስማውን በፎጣው ሸፍና ወደ እሱ ተሳበች። ወንድሟ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ በባዶ እጁ አየሩን እየቀዘፈ ይለማመዳል። ወንዝ ላይ የጎማ ጀልባ ነጂ ካልሆንኩ ብሎ ከተነሳ ወዲህ ቤት ውስጥ «ካፒቴኑ» ሆኗል።

«ይሄን የት ነው ያገኘኸው?» አለችው በሹክሹክታ።

ማዳመጫውን ነቀለ። ሽቦውን አየ፤ ነጩን ጭቃ አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ።

«እኔ እንጃ… የኛ መስሎኝ ነው። ከባድ ነበር ደግሞ።»

«የአስጎብኚዋ ነው! ከሥሩ ባዶ የሆነ መሬት ላይ የቸከሉት!»

«ቀስ በይ!» ወደ ፊት ገልመጥ አለ። እናት ካርታ እያየች ነው፤ አባት ያፏጫል። «በናትሽ ፌንጣ፣ በመስኮት ወርውሪው። ሌላ ካስማ አያጡም፤ ነገ ጠዋት ይተኩታል።»

«ነገ ጠዋት? ስንወጣ የገባችውን መኪና አላየህም? ልጆች አሏቸው እኮ!»

እሷ አይታለች። ሌላ የመኝታ መኪና እነሱ የለቀቁት ቦታ ላይ ልክ እየገባች ሳለ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ቢጫ ኳስ አቅፋ በመስኮት እጇን አውለብልባላት ነበር።

«አታካብጂ» አለ ካፒቴኑ። «አባዬ ያለኝን ታውቂያለሽ። ዛሬ የጀልባ ነጂዎቹ አሰልጣኝ ሊያየኝ ነው። ዛሬ ካለፈ አለቀ!»

ታውቃለች። ካፒቴኑ በዚህ ዓመት ሳያስፈቅድ የደንበኛ መኪና ከጋራዡ አውጥቶ በር ላይ አጋጭቷል። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት በግድ ነው። በመጨረሻ አባት፣ «በዚህ ጉዞ አንድ ጥፋት፣ አንድ ብቻ ልይብህ፤ ከዚያ ወንዝ የሚባል ነገር እርሳ» ብሎታል። ትናንት ገደሉን በሽቦ ገመድ ተንጠልጥለው ሲሻገሩ እንኳ፣ አባት ዓይኑን ጨፍኖ እሪ ሲል፣ ካፒቴኑ ያስተማሩትን አንድ በአንድ እየፈጸመ ነበር። ሰው ሆኖ ለመታየት የቻለውን ሁሉ እያደረገ ነው። ይህ ደግሞ የፌንጣን አንጀት በላው።

መኪናዋ መታጠፊያዎቹን እየጠመዘዘች ትወርዳለች። እያንዳንዱ መታጠፊያ ከዚያች ልጅ እያራቃቸው ነው።

«እኔ ነቀልኩት እላለሁ» አለች ድንገት። «ሥራው የኔ ነው። እኔን ቢቆጣኝ ምንም አይደል።»

ካፒቴኑ አፈጠጠባት። «እውነትሽን ነው?»

ካስማውን ይዛ ወደ ፊት ሄደች።

«አባዬ፣ አቁም።»

«ምነው? ወደላይ አለሽ እንዴ?»

«አቁም በቃ!»

አባት ዳር ይዞ አቆመ። ነገረችው፤ ስትነግረው ዓይኗን ካስማው ላይ ተክላ ነበር። እናት አፏን በእጇ ያዘች። አባት መጮህ ነበረበት፤ ለመጮህ የሚያንስ ሰው አይደለም። እሱ ግን ካስማውን ተቀብሎ አገላብጦ አየውና መለሰላት።

«ደግ አደረግሽ የነገርሽኝ» አለ። «አጥብቃችሁ ያዙ፤ እንመለሳለን።»

ቀፎ በጠባቡ መንገድ ላይ እያቃሰተች ዞረች። ፌንጣ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። «ደግ አደረግሽ» የሚለው ቃል ሳታላምጠው የዋጠችው ጉርሻ ሆነባት። ካፒቴኑ መስኮቱን እያየ ነው፤ የሚቀዝፍ እጁ ጭኑ ላይ ተኝቷል።

ዳገቱ ላይ ጠጠር የጫነ መኪና ከፊታቸው ገባ። መታጠፊያ ላይ ሌላ መኪና ቀድሞ የማያውቀው አባት መሪውን በጣቱ ይደበድባል። እናት ስልኳን ወደ መስኮት፣ ወደ ጣሪያ፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ አነሳች። ኔትወርክ የሚባል የለም። «ምነው ዛሬ እንኳ!» አለች፤ ለማን እንዳለችው አልታወቀም።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ እናት መኪናዋ ሳትቆም በሩን ከፈተች።

«ልጆች! ባላችሁበት ቁሙ! እንዳትንቀሳቀሱ!»

ሁለት ወንዶች ልጆች ከመኪናቸው አጠገብ ደርቀው ቀሩ። ሦስተኛዋ ግን ከነሱ ጋር አልነበረችም። ትንሿ ልጅ ካስማው ከነበረበት ወዲያ፣ ነጩ መሬት ላይ፣ ብቻዋን ቆማለች። ቢጫው ኳስ ከእሷም ወዲያ፣ እንፋሎቱ ዳር ተንከባሎ ደርሷል። የልጅቷ እናት የታጠበ ልብስ እንደያዘች ወደፊት ልትሮጥ ስትል የፌንጣ እናት ወገቧን ይዛ አስቀረቻት።

አስጎብኚዋ ጩኸቱን ሰምታ ከጎጆዋ በሩጫ መጣች። በፌንጣ እጅ ያለውን ካስማ አየች፤ ማንም እንዲያስረዳት አልጠበቀችም።

«የኔ ቆንጆ» አለች ለልጅቷ፣ ድምፅዋን አለስልሳ። «ሐውልት ሁኚልኝ እስቲ። ማን ብዙ ጊዜ ሐውልት መሆን እንደሚችል እንይ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ከዚያ የእናቷን ፊት አየችና መሳቋን አቆመች።

አስጎብኚዋ ወደ እነ አባት ዞረች። «በዚህ በኩል የቸከለው ባልደረባዬ ነው፤ ዛሬ ተረኛ አይደለም። ልጅቷ ስትገባ በዕድል አልፋዋለች፤ ስትመለስ ዕድሏን አልፈትንም። ገብቼ አቅፌ ላውጣት ነው።»

«በዘንጉ መምታት አይቻልም?» አለ አባት።

«ጉድጓዶቹ ሲጮኹ ይሰማዎታል? በዚህ ጩኸት ባዶውን ከድፍኑ አልለይም። ዝም ብዬ እየወጋሁ ብሄድ ደግሞ ቅርፊቱን ከነልጅቷ ልሰብረው እችላለሁ። የነበረበትን ቦታ ነው ማወቅ ያለብኝ። ማን ነው የነቀለው?»

አባት ፌንጣን ወደፊት ገፋ አደረጋት፤ በፍቅር ነበር ያደረገው።

«ነይ የኔ ልጅ» አለች አስጎብኚዋ። «አትፍሪ። አንቺ ባሳየሽኝ መሠረት ነው የምረግጠው። የቱ ጋ ነበር?»

ፌንጣ መሬቱን አየችው። በዚያ ሁሉ የእግር ኮቴ፣ በዚያ ሁሉ የኳስ ጨዋታ፣ ካስማ የወጣበትን ቀዳዳ ማን ይለያል? አንዲት ግራጫ ድንጋይ አለች። ትናንት ካስማው ከድንጋይዋ በስተግራ ነበር? በስተግራ ይመስላታል። ጣቷን ማንሳት ጀመረች።

ከኋላዋ የካፒቴኑ ትንፋሽ አንገቷ ላይ ደረሰ። «በስተቀኝ…» አለ በማይሰማ ድምፅ። «በስተቀኝ በይ። ይመስለኛል።»

እሷ በግራ ይመስላታል፤ እሱ በቀኝ ይመስለዋል። አስጎብኚዋ ደግሞ ሁለቱም «ይመስለኛል» ባሉት ላይ ቆማ በእግሯ ልትሄድበት ነው። ጣቷ አየር ላይ ቀረ። አባቷ እያያት ነው፤ ዓይኑ ውስጥ ያ «ደግ አደረግሽ» አሁንም አለ። ለዚያች ቅጽበት ወንድሟን አሰበችው፤ ወንዙን፣ ያን ባዶ አየር የሚቀዝፍ እጁን አሰበች። ልታለቅስ ደረሰች።

ዞረችና የካፒቴኑን እጅ ይዛ ካስማውን መዳፉ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ አይደለሁም» አለች። «የነቀለው እሱ ነው። እኔ ተኝቼ ነበር። እሱን ይጠይቁት።»

አባት ወደ ልጁ ዞረ። ካፒቴኑ ካስማውን ጨበጠው። እህቱን በንዴት ገረመማት፤ ከዚያ ዓይኑ ነጩ መሬት ላይ ወደቆመችው ልጅ ሄደ።

«ከባድ ነበር» አለ፤ ድምፁ እንደ ትንሽ ልጅ ቀጠነ። «በሁለት እጄ ነው የነቀልኩት። እግሬን… ይቺ ድንጋይ ላይ አስደግፌ። ሲወጣልኝ በጀርባዬ ልወድቅ ነበር፣ ወደ መኪናው።»

«የትኛውን እግርህን?»

ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ቀኝ እግሩን አነሳ፣ መለሰ፤ ግራውን አነሳ።

«ግራ እግሬን። ስለዚህ በስተቀኝ ነው። ከድንጋዩ በስተቀኝ፣ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። አሁን አይመስለኝም፤ እርግጠኛ ነኝ።»

አስጎብኚዋ አመነችው። በድንጋይዋ በስተግራ ሰፋ አድርጋ ዞረች፤ እያንዳንዱን እርምጃ እየለካች ሄደች። ልጅቷን በአንድ ክንዷ አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት፤ በሄደችበት ኮቴ ተመለሰች። ሕፃኗን ለእናቷ ከሰጠች በኋላ ዘንጓን በርዝመቱ ዘርግታ ካፒቴኑ የተናገረውን ቦታ ወጋችው። መሬቱ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተሰበረ። ዘንጉ እስከ ግማሹ ገባ፤ ከቀዳዳው እንፋሎት ሽው ብሎ ወጣ።

ፌንጣ ጣቷን ከኋላዋ ደበቀች። በስተግራ ነው ብላ ብታሳይ ኖሮ፣ አስጎብኚዋ ግራውን ሸሽታ በቀኝ፣ በተሰበረው በኩል ነበር የምታልፈው። ሄዳ የቀፎ ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

ካፒቴኑ አስጎብኚዋ ባሳየችው ቦታ፣ ከቀዳዳው ራቅ አድርጎ፣ ካስማውን መልሶ ቸከለው። መዶሻውን ለመመለስ ሲመጣ አባት በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

«እኔን ማታለሉ» አለ አባት፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «የማን ሐሳብ ነው?»

«የኔ» አለች ፌንጣ። ይሄኛው እውነት ነበር። «እኔ ነቀልኩት ልበል ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ አልጠየቀኝም።»

አባት ወደ ካፒቴኑ ተመለከተ። ካፒቴኑ እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ፣ ነገሩ ሁሉ በስህተት ካስማ መንቀል ሆኖ ያልቅ ነበር። የቀረውን የምታውቀው ፌንጣ ብቻ ናት፤ እሷም አልተናገረችም፤ ልትናገርም አላሰበችም።

«አባዬ» አለ ካፒቴኑ። «በመስኮት ወርውሪው ብያት ነበር።»

እናት ከኋላ ዓይኗን ጨፈነች። አባት ልጁን ረጅም ጊዜ አየው፤ የተናገረው ያ የደንበኛ መኪና ያጋጨው ልጅ መሆኑን የሚያረጋግጥ ይመስል ነበር።

«ወንዙ ጋ እንሄዳለን» አለ በመጨረሻ። «ለአሰልጣኙ ይህን ሁሉ አንተው ትነግረዋለህ። ሰው በጀልባ አስቀምጠህ እንድትነዳ ይፈልግ እንደሆነ እሱ ይወስን። እኔ አልወስንም።»

«አይቀበለኝም እኮ።»

«ሊሆን ይችላል።»

ካፒቴኑ መዶሻውን ቦታው መለሰ። «እነግረዋለሁ» አለ።

ቀፎ ተነሳች። ካፒቴኑ የመስኮቱን ቦታ ትቶ መጥቶ ወለሉ ላይ፣ ፌንጣ አጠገብ፣ ተቀመጠ። ቀፎ ብዙ መታጠፊያ አለፈች። ከዚያ፣ ፊቱን ወደ እሷ ሳያዞር፣ «አሰልጣኙ ሲያየኝ ምን ብዬ ልጀምር?» አላት።

ፌንጣ ረጃጅም እግሮቿን ሰብስባ ቦታ ሰፋ አደረገችለት።

«ከካስማው ጀምር» አለችው።