የኡምኩልሱም ገበጣ

ከሚሴ መንገድ ዳር ካሉት የእንጨት ሥራ ቤቶች የአቶ አብዱልጀባርን ያህል የተመሰገነ የለም። አልጋቸው አይነቃነቅ፣ በራቸው አይጣመም። ሰው የማያውቀው፣ የሳቸው እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መሮውን የምትይዘው ልጃቸው ኡምኩልሱም መሆኗን ነው።

«ሴት ሠራችው ከተባለ ደንበኛ ይሸሻል» ይሏታል። እሷም ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ጓሮ ትሠራለች።

ጀይላን የጨፋ ሮቢት መምህር ነው። ልጅ ሆኖ መሬት ቆፍሮ የተጫወተውን ገበጣ ለተማሪዎቹ በእንጨት ሊያሠራ መጥቶ አዘዘ። ሲመለስ ኡምኩልሱም ከዋንዛ የፈለፈለችውን አቀረበችለት። ጉድጓዶቹን በጣቱ ዳሰሰና ሳቀ።

«ሦስተኛው ረድፍ የት ሄደ?»

«ገበጣ ሁለት ረድፍ ነው!»

«እናንተ ሰፈር ይሆናል። እኛ ጋ ሦስት ነው።»

«ሦስተኛው የሚያስፈልገው በሁለቱ ማሸነፍ ላቃተው ሰው ነው» አለችና ጠጠር አምጥታ ተቀመጠች። አሸነፈችውም።

ያንን ለተማሪዎቹ ወሰደና ባለ ሦስት ረድፍ ሌላ አዘዘ። በየገበያው ቀን እየመጣ «አለቀ?» ይላል እንጂ እንዲያልቅ አልፈለገም። እሷም ብትሆን፣ እውነቱን እንናገር፣ መሮውን ቀስ እያደረገች ነበር የምትመታው።

አንድ ቀን ከሰዓት በጅምሩ ገበጣ ሲጫወቱ ጀይላን ቀና ብሎ «እንዲህ የሚሠራውን የአባትሽን እጅ አላህ ይጠብቀው» አላት። ኡምኩልሱም የጨበጠችውን ጠጠር መሬት አስቀመጠች።

«የአባቴ እጅ አይደለም። የኔ ነው።»

ጀይላን መሮ ያሻከረውን መዳፏን አየ፤ ከዚያም ዓይኗን።

«ወላሂ፣ ማወቅ ነበረብኝ። ኡሚ፣ ሽማግሌ ልላክ?»

ትወደዋለች። ቢሆንም፣ «ላክ» አለችው። «ግን አባቴ በሽማግሌዎቹ ፊት የማን ሥራ እንደሆነ ራሱ ካልተናገረ አልመጣም። አንተም እንዳትነግረው።»

«ካልተናገረስ?»

«እቀራለሁ። ተደብቄ የምሠራበት ቤት አንድ ይበቃኛል።»

ሽማግሌዎቹ ጁምዓ ከሰላት በኋላ መጡ። በኦሮምኛ «አካም ጅርታ» ተባብለው ሰላምታ ተለዋውጠው፣ ዱዓ አድርገው ተቀመጡ። ኡምኩልሱም ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆማለች።

«አብዱልጀባር» አሉ አንጋፋው፣ «የሠራኸው ገበጣ ጨፋ ሮቢት ላይ መነጋገሪያ ሆኗል። የእንዲህ ያለ ባለሙያ ልጅ ለልጃችን ብትሰጠን ብለን ነው የመጣነው።»

አቶ አብዱልጀባር ጉልበታቸው ላይ የሚንቀጠቀጡትን እጆቻቸውን አዩ። ወጉ የመጀመሪያ ቀን «ተመካክረን እንነግራችኋለን» ብሎ መሸኘት ነው፤ ያንን ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር። ኡምኩልሱም የመጋረጃውን ጫፍ ጨበጠች።

«ተሳስታችኋል» አሉ። «ገበጣውን የሠራችው እሷ ናት። አልጋውንም፣ በሩንም። ኢንተላኮ፣ ልጄ ናት! እኔ ምስጋናውን ብቻ ነው ስቀበል የኖርኩት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው «ማሻአላህ» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲህ የጠየቃችሁት አናጢ ነው» አሉ አቶ አብዱልጀባር፣ ድምፃቸው ከፍ እያለ። «መሮዋን ይዛ ነው የምትመጣው። ይህን የማይፈልግ ካለ አሁኑኑ ይነሳ!»

ማንም አልተነሳም። ኡምኩልሱም እንደ ወጉ እስኪጠሯት አልጠበቀችም፤ መጋረጃውን ገልጣ ወጣችና አባቷ አጠገብ ቆመች።