ከሴስና ወደ ፓይፐር

ቢጫዋ ፓይፐር ማኮብኮቢያውን ለቃ ሣር ውስጥ ስትገባ የይሻሽ እግሮች ፔዳሎቹ ላይ አልነበሩም። አውሮፕላኗ ግማሽ ዙር ተሽከርክራ፣ አፍንጫዋን ወደመጣችበት መልሳ ቆመች። ከኋላው ወንበር አስተማሪዋ ኤስቴር ሞተሩን አጠፉት።

ኤስቴር ወርደው አውሮፕላኗን ዞረው አዩ። ጎማውም ክንፉም ደህና ነበር።

«ነፋሱ ሳይገፋን አልቀረም» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቀድሜ መያዝ ነበረብኝ። ሂጂ፣ ውሃ ጠጪ።»

ይሻሽ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የሃዳር ጋኒም ሰፈር ልጅና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ዓመት ሙሉ የበረረችው በሴስና ነበር። ሴስና ጨዋ አውሮፕላን ናት፤ ከአፍንጫዋ ሥር ጎማ ስላላት አንዴ ካረፈች ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ፓይፐር ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ገላዋ ሸራ ነው፤ ፀሐይ ሲመታት ቤንዚንና ቀለም ትሸታለች። አየር ላይ በሯ ይከፈታል። ያኔ የኪርያት አርዬ ሰፈር ጣራዎች፣ አባቷ የሚሠሩበት ፋብሪካ ጭምር፣ ከክርኗ ሥር ያልፋሉ። መሬት ላይ ግን አስቸጋሪ ናት፤ ትንሿ ጎማ ያለችው ከጭራዋ ሥር ስለሆነ፣ እግር ከፔዳል ላይ ከተነሣ ጭራዋ ፊቷን ልቅደም ይላል። የፊቱና የኋላው ወንበር ፔዳሎች የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲረገጥ ሌላውም ይንቀሳቀሳል። ይሻሽ ከነአመሏ ወደደቻት።

ስለ ኤስቴርማ አትጠይቁ። ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ አጭር ስለሆኑ ትራስ ደርበው ይቀመጣሉ፤ አውሮፕላን ሲያሳርፉ ግን ጎማው መሬት መንካቱ አይታወቅም። በዕብራይስጥ አንቱታ የለም። እሳቸውን «ኤስቴር» ብላ ብቻ መጥራት እስክትለምድ ይሻሽ ወር ሙሉ አፏ ተሳስሮ ነበር። የሳቸው ደንብ አንድ ነው፤ ፓይፐር ላይ ፔዳል የለቀቀ ተማሪ ወደ ሴስና ይመለሳል። የገዛ እኅታቸውን ልጅ እንኳ መልሰዋል። የዛሬው ማረፍ ቢያምር ደግሞ ይሻሽ ፓይፐርን ለብቻዋ ልታበር ነበር።

ማኮብኮቢያው ዳር፣ ጥላ ሥር፣ አብሯት የሚማረው ሊዮር ዎክማኑን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይጠብቃት ነበር። እሱም እንደሷ ከጎንደር የመጣ ነው።

«ምነው፣ ሣር ልታጭጂ ነው የገባሽው?»

«ዝም በል እስኪ። እግሬን ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

«ደንግጠሽ ነው?»

«አይደለም። ፔዳሉ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ የኤስቴር እግር ነው። ወዲያው ለቀቅሁላት።»

ሊዮር ሳቀ፤ ነገሩ ገብቶታል። እነይሻሽ ቤት አባቷ ማሰሮ ሲቀበሏት ቶሎ ካልለቀቀች «ልትታገይኝ ነው?» ይሏታል። ትልቅ ሰው የያዘውን ልጅ አይዝም። ኤስቴር ግን እግራቸውን አሳረፉ እንጂ አልነዱም ነበር፤ ስለዚህ ለሁለት ሰከንድ ፓይፐርን ማንም አልያዛትም።

«ነፋስ ነው አለች አይደል?» አለ ሊዮር። «በቃ፣ ነፋስ ነው። በሰደር፣ እሺ? ዛሬ ብቻሽን ትበሪያለሽ።»

ይሻሽ የነፋስ መጠቆሚያውን ከረጢት አየችው። እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሏል። ኤስቴርም የክንፉን ደጋፊ ብረት ይዘው እሱኑ እያዩ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና የበረራ ደብተሩን ከፈቱ።

«ነፋስስ የለም» አሉ ይሻሽ ስትቀርብ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል። «እግሬ ነው የዘገየው። ምናልባት ማስተማሩን የማቆምበት ጊዜ ደርሷል።»

 ይሻሽ ትልቅ ሰው «ጥፋቱ የኔ ነው» ሲል «አይደለም» ማለት ነውር እንደሆነ ታውቃለች። ዝም ማለት ግን ከዚያ የባሰ ሆነባት።

«አልዘገየም» አለች። «እግርሽ ሲመጣ እኔ ለቀቅሁ።»

«ለምን?»

«እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲይዝ ይለቀቃል።»

 የኤስቴር እስክሪብቶ ደብተሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።

«ደንቡን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ሴስና።» ደብተሩን ዘጉት። «የዛሬው ሰዓታችን ግን ገና አላለቀም። ያላ፣ ግቢ።»

ይሻሽ ዕንባዋን ዋጥ አድርጋ ገባች። ተነሡ፤ ዞሩ፤ የፋብሪካው ጣራ ከክርኗ ሥር አለፈ። ለመጨረሻ ጊዜ እንደሆነ አስባ አየችው። ጎማዎቹ አስፋልቱን ነኩ፤ ጭራዋ ወረደች፤ አፍንጫዋ ከፊት ያለውን ሁሉ ጋረደ። ያኔ የግራው ፔዳል ከእግሯ ሥር ተንቀሳቀሰ። የኤስቴር እግር ነው፤ አሁን ደግሞ ሊፈትኗት ሆን ብለው ይገፋሉ። ፓይፐር ወደ ሣሩ ዘንበል አለች።

የይሻሽ እግር ሊነሣ ቃጣው። አልተነሣም። ቀኙን ፔዳል ባላት ኃይል ረገጠችው።

«ኤስቴር፣ እግርሽን አንሺ» አለች።

በሕይወቷ ለትልቅ ሰው እንዲህ ተናግራ አታውቅም። ፔዳሎቹ ቀለሉ፣ ፓይፐርም የማኮብኮቢያውን መሐል ይዛ ቀጠለች።