የጩኸቱ ባለቤት

«ሴትዮዋ በሕይወት አሉ?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ፣ የአስተያየት ወረቀታቸውን እየሰጡኝ።

«አዎ አባባ። ያውና፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል» አልኳቸው ወደ ተዋናይቷ እየጠቆምኩ።

ዞር ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሷን አይደለም ልጄ። ያቺን... አንገቷ ላይ ሻርፕ ያሰረችውን። በሹክሹክታ የምታወራውን።»

ፊልሙ ውስጥ ሻርፕ ያሰረች ሴት የለችም።

ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው... ቆርጬ ያወጣኋት እኔ ስለሆንኩ ነው።

የፈጠራ ታሪክ የምትፈልጉ እዚህ ላይ ብታቆሙ አልቀየምም። እኔ የምጽፈው የሰማሁትንና በእጄ የያዝኩትን ብቻ ነው። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ። ሰማንያ ወንበር ያላት ትንሽ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ። ውጭው ፀሐይ ነው። የሚያስፈራ ምንም ነገር አልነበረም።

ከሠላሳ ዓመት በፊት «በሩን ዝጉ» የሚባል ስድስት ክፍል ያለው ፊልም ተሠርቶ ነበር። ጓንት ያጠለቀ ገዳይ፣ ቢላዋ፣ የምትሮጥ ልጅ። ገዳዩ በየክፍሉ መጨረሻ ይሞታል፤ በሚቀጥለው ይነሳል። የምሠራበት ድርጅት ስለዚህ ፊልም አሠራር ዘጋቢ ፊልም አዘጋጀ። እኔ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ረዳት ነኝ። ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ለሦስት ቀን ለተጋባዦች እንዲታይ ተወሰነ፤ አስተያየት የመሰብሰቡ ሥራ ለእኔ ተሰጠ።

ያቺ የምትሮጥ ልጅ በስድስቱም ክፍል ትጮሃለች። ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ያንን ጩኸት አይረሳም።

ተዋናይቷ ግን መጮህ አትችልም ነበር። አፏን በከፈተች ቁጥር ሳል ያፍናታል። ሲጨንቃቸው ልብስ ሰፊዋን ጠርተው «እስቲ አንቺ ሞክሪው» አሏት።

ልብስ ሰፊዋ እናቴ ነበረች።

ስድስት ክፍል ጮኸችላቸው። በስድስተኛው አንድ ሙሉ ቀን ሲያስደግሟት ውለው ጉሮሮዋ ደማ። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው። እማዬ ጮክ ብላ ጠርታኝ አታውቅም፤ ከሹክሹክታ በላይ ድምፅ የላትም። በአንዱም ክፍል መጨረሻ ላይ ስሟ አልተጻፈም።

ለዘጋቢ ፊልሙ ቤታችን ድረስ መጥተው ቀረጿት። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሰማያዊ ሻርፗን አስራ፣ አርባ ደቂቃ አወራች። ሲጨርሱ «ደህና ተናገርኩ?» አለችኝ።

በሳምንቱ የዘጋቢ ፊልሙ ዳይሬክተር አጠገቤ ቆሞ ስክሪኑን አየ።

«ይቺን አውጫት። ድምጿ አይሰማም፤ ሰው ይሰለቻል።»

እናቴ መሆኗን ያውቃል።

«እሺ» አልኩ።

አንድ ቁልፍ ነው የሚጫኑት። ድምፅ እንኳን የለውም።

ለእማዬ ግን አልነገርኳትም። ቅዳሜ፣ በመጨረሻው ቀን ልታይ ትመጣለች። ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራለች። ሐሙስ አልፎ ዓርብ፣ ዓርብ አልፎ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት መናገር ነበረብኝ።

ሐሙስ የሰበሰብኳቸውን ወረቀቶች ቢሮ ወስጄ አነበብኳቸው። አብዛኛው የሚጠበቅ ነበር።

«ለሦስተኛው ክፍል የሰጣችሁት ጊዜ ያንሳል። ምርጡ እሱ ነው።»

«ሦስተኛው ምርጥ ነው የሚል ሰው ፊልም አያውቅም።» ሁለቱ ጎን ለጎን የተቀመጡ ጓደኛሞች መሆን አለባቸው።

«ከአራተኛው በኋላ ገዳዩ ራሱ ሰልችቶት ነበር። ይህን ማንም ደፍሮ አልተናገረም።»

«ዳይሬክተሩ ስለራሱ ሲያወራ እንቅልፍ ወሰደኝ።» ይህን ሁለቴ አነበብኩት።

ከዚያ...

«ሻርፕ ያሰረችው ሴት አንጀት ትበላለች።»

«ባለ ሹክሹክታዋ ሴትዮ ትንሽ ደቂቃ ይጨመርላት።»

ሰባት ነበሩ። በሰባት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ።

ሰባተኛው ላይ እንዲህ ይላል። «ከወንበሯ ጀርባ የቆመው ሰው ማን ነው? ስሙን አልጻፋችሁም።»

ፊልሙን ከፍቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። የለችም። የተቆረጠውን አርባ ደቂቃ ከፈትኩ። እማዬ ወንበሯ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከጀርባዋ ያለው ግድግዳና የልብስ ስፌት መኪናዋ ነው።

ማንም አልቆመም።

ዓርብ ዕለት ስለ እሷ የጻፉት አሥራ ዘጠኝ ሆኑ።

«ከጀርባ ያለው ሰው እጁን ትከሻዋ ላይ ማስቀመጡ ለምን አስፈለገ?»

«እጁ የሴት ነው።»

«ባወራች ቁጥር እጁ ወደ አንገቷ ይጠጋል። ሆን ብላችሁ ያቀናበራችሁት ከሆነ ጎበዞች ናችሁ።»

ወረቀቶቹን ለዳይሬክተሩ ሰጠሁት። ቆሜ እስኪጨርስ ጠበቅኩ።

«ማነው ይሄን የጻፈው?»

«ተመልካቾቹ ናቸው።»

«በበር ያስወጣናትን እናትሽን በመስኮት ልታስገቢያት ነው?»

«የእጅ ጽሑፋቸውን ይዩት... አይመሳሰልም።»

«ጓደኞች የሉሽም? ቢሆንም...» አለና ሳቀ፤ «የሉሽም መሰለኝ። አንቺ ከማን ጋር ታወሪያለሽ።»

ወረቀቶቹን ከፊቱ ሰበሰብኩ።

«እሷን የሚያነሳውን ሁሉ ለይተሽ ጣይ። ነገ እንዲህ ያለ ነገር እንዳላይ።»

«እሺ» አልኩ። አሁንም።

አንድ በአንድ ቀደድኳቸው።

ቅዳሜ ከቤት ከመውጣታችን በፊት ልነግራት ቆርጬ ነበር። እማዬ መስታወት ፊት ቆማ ሻርፗን ታስራለች። አንዴ አሰረችው፣ ፈታችው፣ ደግማ አሰረችው።

«እማዬ...»

«ወዬ።»

«...ሻርፑ ያምርብሻል።»

«እንደዚያ ቀን እንዳስረው ብዬ ነው» አለች በዚያ በሹክሹክታዋ። «ሰው ፊልሙ ላይ ካየኝ በኋላ እዚያው ቢለየኝ ብዬ።»

አዳራሹ ሞልቷል። ከመሃል ተቀመጥን። መብራቱ ጠፋ።

ተዋናይቷ ብቅ አለችና ፈገግ እያለች «ጩኸቱ? እሱማ ከውስጤ ነበር የሚመጣው» አለች። እማዬ ያለ ድምፅ ሳቀች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ክንዴ ላይ ተሰማኝ።

የቆረጥኩበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ነው። ከተዋናይቷ በቀጥታ ወደ ካሜራ ባለሙያው ያልፋል።

ሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ደረሰ። እንደቆረጥኩት አለፈ። የካሜራ ባለሙያው ስለ መብራት ያወራል።

አዳራሹ ግን ጸጥ አለ።

ሰዉ ሁሉ... ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ድምፁ አልሰማ ያለውን ሰው ለመስማት እንደምናደርገው።

የካሜራ ባለሙያው ቀልድ ተናገረ። ማንም አልሳቀም።

ከፊታችን ያለች ሴት ወደ ባሏ ተጠጋች።

«እጁን... እጁን እየው።»

«ዝም በይ፤ ልስማት።»

እማዬ እጄን ጨብጣ ነበር። በዚህ ጊዜ ለቀቀችው። ዝቅ ብላ አየችው። መዳፌን ገልብጣ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ... አየቻቸው። ከዚያ ጭኔ ላይ መልሳ አስቀመጠችልኝ። የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው።

እኔ የማየው የካሜራ ባለሙያውን ብቻ ነው።

ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ሰዎች በአጠገባችን ሲያልፉ እማዬን እያዩ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉላት። አንዲት ልጅ ቆማ «እትዬ፣ በርቱ» አለቻት።

ሰዉ ከአዳራሹ እስኪወጣ ጠበቅኩ።

«እማዬ፣ ልነግርሽ የሚገባ ነገር ነበር...»

«አየሁት።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ። እሱ አውጫት ሲለኝ እንቢ ማለት ነበረብኝ።»

«ማንን?» አለች።

«አንቺን።»

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ደህና ተናግሬያለሁ» አለች። «ሰዉም ሰምቶኛል። አንቺ ግን ከኋላዬ መቆምሽን አልነገርሽኝም።»

«አልቆምኩም እማዬ። ያን ቀን ከካሜራው ጀርባ ነበርኩ።»

«እኔ የወለድኩትን እጅ አላውቀውም?»

«ምን... ምን አደረግኩ?»

ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አወጣች። የአስተያየት ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መጻፍ ጀመረች። ቀስ ብላ ነው የምትጽፈው፤ ልብስ ስትሰፋም እንዲሁ ናት።

ወረቀቱን ሰጥታኝ ወደ በሩ ሄደች።

ሁለተኛው ጥያቄ «ከፊልሙ የቱ ይውጣ ይላሉ?» የሚል ነው።

እማዬ ከሥሩ «ልጄን አውጧት። ሌላው ደህና ነው» ብላ ጽፋለች።

ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር አድርጌ ተከተልኳት። ታክሲ ያዝን። እማዬ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላዋ። ቤት እስክንደርስ ድረስ ሁለት እጆቿን ከአንገቷ ላይ አላነሳችም።