ከግድግዳው ወዲያ የምትቆጥረው

ውሸት ነው የምትሉ በሉ። እኔ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። ሌሊት እንኳ አልነበረም... ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው።

ጓሮዬ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የብረት ማርሽ እቆርጣለሁ። ሥራው ቆጠራ ነው። አንዴ ከተሳሳትክ የመጨረሻው ጥርስ ይቀጥንና ልፋትህ ገደል ይገባል። እኔ ደግሞ ቆጠራ ላይ የለሁበትም። ስለዚህ ሚስቴ ከግድግዳው ወዲያ ባለው ክፍል ትቀመጣለች። ቁጥሩን እጠራለሁ፣ ትደግምልኛለች፣ ጣሳ ውስጥ አንድ የብሎን ዳዶ ትጥላለች።

"አንተን አምኖ ማርሽ ያዘዘ ሰው ጀግና ነው" ትለኛለች ሁልጊዜ።

የዚያን ቀን ሠላሳ ስድስት ጥርስ ነበር የምቆርጠው።

"አንድ!" አልኩ።

"አንድ" አለች። ቀጭ።

እስከ ሃያ ደህና ሄድን። ሃያ አንድ ላይ ግን... ቀደመችኝ።

"ቀስ በይ እንጂ!"

መቁረጤን ቀጠልኩ።

ሃያ ዘጠኝ ላይ የግቢው በር ተከፈተ። ሚስቴ ናት። ዘንቢል አንጠልጥላለች።

ክው አልኩ። ማሽኑን አጠፋሁት።

"የት ነበርሽ?"

"ገበያ" አለች በሹክሹክታ። "ስወጣ ተኝተህ ነበር... ጉሮሮዬን ምን እንደነካኝ እንጃ። ድምፄ እየጠፋ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አሁን ነው... አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው። ቀስ በቀስ።"

ከግድግዳው ወዲያ፣ በራሷ በሚስቴ ድምፅ...

"ሠላሳ።" ቀጭ።

ማርሹን አየሁት። ማሽኑ ጠፍቷል፣ ማንም አልነካውም። ሠላሳኛው ጥርስ ግን ተቆርጧል።

ሚስቴ ክንዴን ጨመደደችው። "አስቁመው..." አለች። ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት።

ወደዚያኛው ክፍል ሮጥኩ። በሩ አልከፈት አለኝ።

"ሠላሳ ሦስት... ሠላሳ አራት..."

በትከሻዬ ገጨሁት። አንዴ... ሁለቴ...

"ሠላሳ ስድስት።"

ያኔ ተከፈተ።

ወንበሩ ላይ ማንም የለም። ቆጠራ የማልችለው ሰውዬ ዳዶዎቹን ሦስት ጊዜ ቆጠርኳቸው። ሠላሳ ስድስት ናቸው።

ይኸው ሦስት ወር ሆነን። ሐኪሞቹ ጉሮሮዋ ጤነኛ ነው ይላሉ። እሷ ግን አንዲት ቃል አልወጣትም። ስትተርበኝ እናደድ ነበር... አሁን ያ ተረቧ ናፍቆኝ አለቅሳለሁ። ያንን ክፍል ቆልፌ ቁልፉን ጥያለሁ።

ትናንት ከሰዓት ሸሚዜን ገልብጬ ለብሼ ወጣሁ። አየችኝ። አፏን ከፈተች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ... ሳቀች።

ሳቁ የተሰማው ከተቆለፈው ክፍል ነው።