ኮከብ ዋጩን የገላመጠችው

በሰምራዝ ምድር ሰው ሁሉ በአንድ ኮከብ ሥር ይወለዳል፤ ኮከቡ ሲጠፋም ድምፁ አብሮ ይጠፋል። በአንድ የመከር ወራት፣ ሰማዩ እንደ ጠራ፣ በሰሜን አምስት ከዋክብት ታጡ። በዚያው ምሽት በአምስት መንደሮች በእነዚያ ከዋክብት ሥር የተወለዱ ሰዎች እራታቸውን ጥለው ወጡና ወደ ሰሜን ዞረው ቆሙ። ይተነፍሳሉ፤ ገላቸውም ይሞቃል። ቢጠሯቸው ግን አይሰሙም፤ አይናገሩም። በእናቱ እቅፍ ያለ ሕፃን እንኳ መጥባቱን ትቶ አንገቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ነበር።

የንጉሡ ሊቀ ከዋክብት ድልባይ ግን አምስቱም ከዋክብት በቦታቸው እንዳሉ በመዝገቡ ጻፈ። በሰምራዝ የሰማይ ግንብ ውስጥ ሰማይን ያየ ሰው ከጠፋ አርባ ዓመት ሆኖታል። ሊቃውንቱ የዓምናውን የከዋክብት ሥዕል ለዘንድሮ፣ የዘንድሮውን ለከርሞ ይገለብጣሉ። ጽሕፈታቸው ያማረ፣ አንገታቸው የደነደነ!

ይህን በንጉሡ ችሎት የተናገረችው እልፍነሽ የተባለች የሸማኔ ልጅ ነበረች። መምህር አልነበራትም። ዘጠኝ ዓመት ጣሪያ ላይ ተቀምጣ የእያንዳንዱን ኮከብ መውጫና መግቢያ በብራና ላይ ስትነጥብ ኖራለች።

«አሁን ስድስተኛዋ እየደበዘዘች ነው» አለች። «የእኅቴ የማዕዶት ኮከብ ናት። አጠገቧ ጥቁር ነገር ተጋድሟል፤ ኮከብ ዋጭ ነው።»

«እኔ አላየሁም» አለ ድልባይ።

«ሳያንጋጥጡ እንዴት ያያሉ፣ ጌታዬ? ቢያንጋጥጡም ፊት ለፊት ካዩት ይሰወራል። ደብዛዛ ነገር የሚታየው ገልመጥ ሲያደርጉት ነው። በግልምጫ ደግሞ የሚስተካከለኝ የለም፤ ጎረቤቶቼን ይጠይቁ።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ንጉሡ ግን ሳይስቅ፣ ከሰማይ በወደቀ ብረት የተሠራች አንዲት ፍላጻ ከነቀስቷ ከግምጃ ቤት አስወጣ። «አንቺ ወርውሪ። ድልባይም ይከተልሽ፤ ማን እንደ ዋሸ በሰሜን ያለው የጉምዛት ተራራ ይፍረድ።»

እልፍነሽ ፍላጻዋን በግንባሯ ነካች። «የእኅቴን ኮከብ ሳላስተፋው ብመለስ፣ ስሜ ከሰው ስም ይፋቅ!»

ማዕዶትም «የእኔ ኮከብ ተይዛ እኔ ቤት ልቀመጥ?» ብላ ተከተለቻቸው። አፏ እንደ ወፍጮ ነበር፤ አያርፍም። በበቅሎዋ ላይ ቀለደች፤ በመንገዱ ላይ ቀለደች። በመጨረሻም «አባ ድልባይ፣ ጢምዎንም ከዓምናው ነው የገለበጡት?» ብትለው፣ ኩሩው ሊቅ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረና አልሆነለትም።

በአራተኛው ቀን የቃላቷ ጫፍ መርገፍ ጀመረ። «እትዬ፣ ውኃ ስ...» ብላ ታቆማለች። የቀረውን በከንፈሯ ትለዋለች፤ ድምፅ ግን የለም። በስድስተኛው ቀን በዝምታ ከቆሙት መንደሮች በአንዱ መካከል አለፉ። ዝንብ በሰዎቹ ዓይን ላይ ይሄዳል፤ የሚርገበገብ ሽፋሽፍት አልነበረም። ማዕዶት ጉሮሮዋን በእጇ ይዛ የእኅቷን ነጠላ ጫፍ ጨበጠች።

የጉምዛት ጫፍ ላይ ሲደርሱ ጀንበር ጠልቃ ነበር። እልፍነሽ ዓይኗን በጎረቤት ኮከብ ላይ አሳርፋ በጎን አየች። ነበረ። ከጨለማው ይልቅ የጠቆረ፣ እንደ ድመት በማዕዶት ኮከብ ዙሪያ የተጠቀለለ። እሱ ሲተነፍስ የማዕዶት ትንፋሽ ይቆማል።

«ሩቅ ነው» አለች ቀስቷን ዝቅ አድርጋ። «ፍላጻ አይደርስበትም።»

ድልባይ ቀረብ አላት። «ከገለበጥኳቸው መጻሕፍት በአንዱ እንዲህ ይላል፦ ዋጩ ፊት ለፊት ወዳየው ሰው ይወርዳል። በኮከቡ የተያዘ፣ ኮከቡ ሲመለስ ይመለሳል። በዓይኑ የተያዘ ግን መመለሻ የለውም።»

«እኔ አየዋለሁ።»

«አንቺ ካየሽው ማን ይወረውራል፣ ልጄ? እኔ ቀስት መሳብ አልችል፤ መገላመጥም አልችል።» ጥምጥሙን ፈትቶ ድንጋይ ላይ አኖረ። «አርባ ዓመት ሙሉ ሰማይ አላየሁም። አንድ ጊዜ ልየው።»

ቀና አለ።

ከዋክብቱ በሰማዩ መሐል አንድ በአንድ ተሸፈኑ፤ ዋጩ ይወርድ ነበር። ለዘመናት የተዘጋ ቤት ሽታ ተራራውን ሞላው። ከዚያም ከጥቁሩ ውስጥ የማዕዶት ድምፅ፣ ቃሉ ሳይቆራረጥ፣ ጥርት ብሎ ወጣ፦ «እትዬ፣ ወደ እኔ እዪ። እዚህ ነኝ እኮ።»

ማዕዶት ግን በእልፍነሽ እግር ሥር፣ አፏን ከፍታ፣ ድምፅ አልባ ተንበርክካ ነበር።

እልፍነሽ ከንፈሯን እስኪደማ ነከሰች። ዓይኗን ከጎረቤት ኮከብ ሳትነቅል ቀስቷን ወደ ጎን አዞረች፤ ፍላጻዋን ፊት ለፊት ወደማታየው ነገር ወረወረች።

ጥቁሩ ተቀደደ። ስድስት ከዋክብት እንደ ፍንጣሪ ወደ ሰማይ ተስፈነጠሩ፤ ከታች ከሸለቆው የብዙ መንደር ጩኸት በአንድ ጊዜ ተነሣ።

«ኧረ እትዬ፣ ጉሮሮዬ!» አለች ማዕዶት። «አሸዋ የቃምኩ ይመስላል። ውኃ ጨርሳችኋል?»

እልፍነሽ አቅፋት አለቀሰች። ከዚያ ዞር ብላ «አባ ድልባይ» አለች። ሦስት ጊዜ ጠራችው። ፊቱን ወደ ሰማይ አንጋጦ ቆሟል፤ ዓይኑ ተገልጧል።

ሲወርዱ እልፍነሽ ቀድማ ሄደች፤ ዞራ ልታየው አልቻለችም። ከኋላዋ ማዕዶት የሽማግሌውን እጅ ይዛ እየመራች ታወራው ነበር፦ ስለ በቅሎዋ፣ ስለ ዳገቱ፣ ከተማ ሲደርሱ ምን እንደሚበሉ። ጥያቄም ትጠይቀዋለች። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ለመልስ የሚበቃ ያህል ዝም ትላለች፤ ከዚያ ትቀጥላለች።