በከንፈር ዳር

«አቁሚ» አላት አባቷ። «ትከሻሽ ተነሣ። ትከሻ ሲነሣ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ጉሮሮ ሲዘጋ አየሩ ይቀጥናል። በይ እንደገና።»

እንደገና ነፋች። ዝቅተኞቹ ኖታዎች ላይ ትራምፔቱ እሺ አላት። ዜማው ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ ግን ድምፁ ተሰንጥቆ እንደታነቀ አውራ ዶሮ ጮኾ ቀረ።

«እየመጣ ነው» አለች፣ እየመጣ እንዳልሆነ እያወቀች።

ያ ከፍተኛ ኖታ ድሮ ሳይጠሩት ነበር የሚመጣው። የክፍሏ ልጆች «ቀሽት ነው» ያሉላት፣ የሙዚቃ መምህሩም በትምህርት መዝጊያው በዓል ብቻዋን የምትነፋውን ሶሎ የሰጣት በእሱ ምክንያት ነው። አሁን መምህሩ ተጨንቋል። ትችይ እንደሆነ እስከ ነገ ቁርጡን ንገሪኝ ብሏታል። አባቷ ደግሞ ልጄን ኑና ስሟት ብሎ የባንድ ጓደኞቹን በሙሉ ጠርቷል።

አባቷ በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፋ ነበር። ያኔ አስተምረኝ ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ንፊ። ይመጣል።» አንድ ቀን ጠዋት ግን እሱ ሲነቃ የፊቱ ግራ ጎን ሳይነቃ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ሲጠጣ በአገጩ ይወርዳል፤ መሐረብ ከእጁ አይለይም። ሐኪሙ ታገሥ ከማለት በቀር የጨመረለት ነገር የለም።

መንፋት ያቃተው ሰው ስለ መንፋት ማሰብ ጀመረ። ቀኑን ሙሉ በስልኩ የከንፈር ጡንቻ ሥዕል ሲመረምር ይውላል፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መስተዋት ፊት አስቀምጦ ያስረዳታል። መጀመሪያ ያረመው የመንፊያውን፣ ከከንፈር የሚገጥመውን የትራምፔቱን ጫፍ፣ አያያዝ ነበር። እሷ ወደ ከንፈሯ ግራ ዳር ታስጠጋው ነበር። «ቦታው መሃል ነው፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መሃል ነው የነፋሁት» ብሎ አስተካከለላት። ኖታው የጠፋው ያን ሰሞን ነው።

ይህን አልነገረችውም። ሲያስረዳ ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር ይበራል፤ ከዚያ ሰዓት ውጭ በርቶ አይታ አታውቅም።

እንደገና ልትጀምር ስትል በሩ ተንኳኳ። የባንዱ ከበሮ መቺ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነጎድጓድ ይለዋል። ታማሚውን ሊጠይቅ መጥቶ የታማሚውን ልጅ ያዳምጥ ጀመር። ድምፁ ሲሰነጠቅ ፊቱን አኮሳተረ።

«አንተ፣ ምነው መሃል አስያዝካት?» አለ።

«ቦታው ነዋ። እኔስ የት ነበር የምይዘው?»

ጋሼ ነጎድጓድ ሳቀ። «ሰውዬ፣ አጠገብህ ቆሜ ነው ያረጀሁት። ለጎረቤት ሐሜት እንደሚያቀብል ሰው በአፍህ ዳር እኮ ነበር የምትነፋው።»

አባቷ አልሳቀም። እጁን ዘርግቶ ትራምፔቱን ተቀበላት። ከታመመ ወዲህ ከንፈሩን አስነክቶት አያውቅም። ሊያሳያቸው የፈለገው መሃሉን ነበር፤ እጁ ግን አላማከረውም። መንፊያውን ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ግራ ዳር ሄደ፣ ስሜት ወደሌለው ጎን፣ መንፊያውም እዚያ ቤቱ እንደገባ ሰው ተደላድሎ ቁጭ አለ። ነፋ። የወጣው አየርና ምራቅ ብቻ ነበር።

ጋሼ ነጎድጓድ የረሳው ጉዳይ እንዳለ ተናግሮ፣ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ሳይናገር ወጣ።

አባቷ መንፊያውን በመሐረቡ ጠርጎ መለሰላት። «በይ ወደ ዳር አድርጊው» አለ በቀስታ።

ወደ ዳር አደረገችው። አሁን ግን ዳሩ የት እንደነበር ማሰብ ነበረባት። ትከሻዋ፣ ጉሮሮዋ፣ ምላሷ፣ ሁሉም በየተራ እኔንስ እያሉ ጠሯት። ድምፁ እዚያው ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። ደገመች። ተሰነጠቀ።

«በእኔ ነው?» አላት።

አይደለም ማለት ይቀል ነበር። «አላውቅም አባዬ» አለች። «የነገርከኝን ሁሉ መርሳት አቃተኝ።»

አባቷ መስተዋቱን ከፊቷ አንሥቶ ወደ ግድግዳው አዞረው።

ስልኳን አነሣችና ለሙዚቃ መምህሩ ጻፈች። ሶሎው ለሌላ ልጅ ይሰጥ፤ እሷ ከኋላ ረድፍ ትነፋለች። ከመላኳ በፊት ለአባቷ አሳየችው። አነበበው። መልሶ ከላይ ጀምሮ አነበበው። አትላኪው አላላትም። ላከችው።

«አሁን አጠገቤ ተቀመጥ» አለችው። «ምንም አትንገረኝ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጀማሪ ሁሉ የሚጀምርበትን ዝቅተኛ ኖታ ያዘችና ትንፋሿ እስኪያልቅ ጎተተችው። ኖታው ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቷ ሰማው፤ ዝም አለ። እሷም አየር ሳበችና ያንኑ ኖታ ደግማ ያዘች።